ቅኝት

ከአፉላ ስንወጣ ሌሊቱ ተጋምሷል፤
ከበሮው ከኋላ፣ በብርድ ልብስ ታስሮ፣ እንደ ሰው ተኝቷል።
ሙሉሰው ይነዳል፤ ባሱን በሚመታው በዚያ ወፍራም ጣቱ
መሪውን ይመታል፤ የማታው ዘፈን ገና አልወጣም ከአናቱ።

ኦፊር ሳንድዊቹን ለሦስት ቆረሰና
አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፤ ደብተሬ ጭኔ ላይ ተከፍቶ ነበርና
ቲማቲሙ ፈሶ አንድ ቃል በላብኝ።
ምን ነበር? ባስበው፣ ባስበው ጠፋብኝ።
ደህና ቃል ነበረ።
የጠፋች ላም ወተት ጋን ሲያንሰው ነው የኖረ።

ዛሬ ለሠላሳ አንድ ሰው ነው የዘፈንኩት፤
በሁለተኛው ዘፈን፣ መብራቱ ሲደምቅ፣ ሰዉን አንድ በአንድ ቆጠርኩት።
ከፊት ወንበር አንዲት እናት ዓይኗን ስትጠርግ አየሁና
ለእሷ ብቻ ዘፈንኩ፣ ድምፄ እንደ ጧፍ ቀልጦ፣ ልቤ ሞላና።
ሲያልቅ መጣች፤ እጄን ይዛ «የወይራ አበባ ነው» አለች፣ «ብናኙ ጎዳኝ፤
ዓይኔን ያሳክከኛል። አንቺ ግን ደህና ነሽ።»
ደስ አለኝ። ከፋኝ።

እንዲህ ነው ኑሯችን።
ሐሙስ ራሞን ነበርን፤ ከገደሉ አፋፍ ብርዱ ክር ያከርራል፤
ሰኞ አሽዶድ ነን ደግሞ፤ የባሕሩ ወበቅ ያንኑ ክር ያላላል።
በየከተማው፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ጎንበስ ብዬ አድምጬ
ጊታሩን እቃኛለሁ፣ እንዳስቸገረ ልጅ ጆሮውን ቆንጥጬ።

ከተማሪዎች ሬዲዮ አንድ ልጅ ጠይቆኛል፦ «መነሻሽ ምንድን ነው?
ዘፈኑ ከየት ይመጣል?» ምላሴ ጫፍ የደረሰው «ከዕዳ» ነው።
አላልኩም። «ከትዝታ» አልኩት፣ ሰው የሚወደውን።
ደብቄው ነው እንጂ እውነቱን፦
አውቶቡስ አምልጦኝ፣ ቤርሸባ ጣቢያ ቁጭ እንዳልኩ፣ አንድ ሰው የጽዳት ባልዲ ሲገፋ
የጎማው ሲጥሲጥታ ነው የሰጠኝ፤ ዘይት ጠብ ቢያደርግበት ኖሮ ያ ዜማ በጠፋ።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት፤ ቂርያት መላኪ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እንቅልፍ እምቢ ያላት፤
ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል አንሶላ አጥባ፣ ሥራ ማለት ለእሷ ማታ ወገብ ሲቆርጣት።
«በዚህ ሌሊት የት ነሽ?»
«ሥራ ላይ።»
«የምን ሥራ?»
«ቅኝት ላይ ነኝ» አልኳት፣ እንዲያው ለጨዋታ።
ዝም አለች። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ተሰማ ለአንድ አፍታ።
«ይታያልም» አለች፣ «ከሰሜን ድንበር ሲደውል በዚያ ክረምት
ይህንኑ ቃል ነበር የሚለኝ። ስልኩን ታቅፌ ነው ያነጋሁት ያን ሁሉ ሌሊት።»
«እማ፣ የኔ ሌላ ነው። የሱ የወታደር፣ የኔ የክር ነው፤ ይለያል።»
«አይለይም» አለች። «ሁለቱም ጆሮን ወጥሮ በጨለማ ማደር ነው፤ ያማል።»

ቲማቲም የበላው ቃል ይህ አልነበረም፤
ከዚህ ወዲያ ግን ያንን አልፈለግሁም።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደረስኩ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ።
ጊታሩ የይታያል ነው። ከተመለሰ ወዲህ ሲነካው አላየሁ።
በሩን ከኋላው ዘግቶ በረንዳ ላይ ያነጋል፣
ከታች መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ አምፖል አለ፤ እሱን ያያል።
ኩሽና ቁጭ ብዬ፣ እንዳይሰማ፣ በአውራ ጣቴ ብቻ ዳሰስኩት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጆሮዬ ደክሟል፤ እንዳለ ተውኩት።

ከተዘጋው በር ማዶ፣ ከስንት ወር ዝምታ፣
«ሦስተኛው ክር» አለ፣
«ላልቷል።»

ቁልፉን ያዝኩ። ቀስ ብዬ አዞርኩ።
«አሁንስ?»

«ትንሽ ይቀረዋል።»